አንተ ብትወድቅ ጀልባዋን ማን ይመልሳታል?

ባለቤቴ ማርገዟን ካወቅን በኋላ ሁለት ነገር አብረን መፈለግ ጀመርን፤ የልጅ ስምና ጀልባ። ስሙ ብዙ አላስቸገረንም፤ ለወንድም ለሴትም ቶሎ ተስማማን። ጀልባዋ ግን ሞቃቶቹን የሳመር ወራት ሙሉ ወሰደችብን። በፍለጋው መሐል ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ደግሞ ገዝተን ከጨረስንም በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህንን ጥያቄ ቢሰማው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያልሞላ መንገድ የነዳ ሰው ቼሳፒክ ቤይ ከሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ዳር ይደርሳል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣናን እያየ ያደገ ሰው ውሃ ከማይታይበት ሰፈር ሲገባ ምን እንደሚጎድለው ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት መንፈሴ የሚያርፈው ሳንዲ ፖይንት አሸዋው ላይ ቆሜ በቤይ ብሪጅ ሥር የሚያልፉትን መርከቦች ሳይ ነበር። በኋላ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ዓሣ ለማጥመድ መውጣት ለመድኩ፤ ኮርሱን ወስጄ የጀልባ ደኅንነት ሰርተፊኬት ያዝኩ፤ ጀልባ እየተከራየሁ ባለቤቴንም አለማመድኳት። ልጅ እንደሚመጣ ስናውቅ ትንሽ የራሳችን ጀልባ እንድትኖረን ፈለግሁ። ልጄ ውሃን በሥዕል መጽሐፍ ብቻ እንዲያውቀው አልፈልግም።

ዘመድ ወዳጅ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን «ልጅ ሲመጣ ሰው ሰፋ ያለ መኪና ይገዛል እንጂ ጀልባ?» አለን። ሌላው «ግዙ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ አበረታታን። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ውሃ ላይ ያለን ልጅ ለዕድል መተው ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እኛም ጀልባ ማየት ከመጀመራችን በፊት ብዙ አነበብን፣ ብዙ ጠየቅን።

በመጀመሪያ የያዝነው ዝርዝር

ለቤተሰብ ጀልባ የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ስም ፖንቱን ነው። ፖንቱን በሁለት ወይም በሦስት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ወለል ነው፤ ዙሪያውን አጥር አለው፣ በር አለው፣ ጥላ አለው። ቆሞ ሲውል ብዙ አይወዛወዝም፤ የልጅ ጋሪ እንኳ ሳይቀር ይገባበታል። ለሐይቅና ለተከለለ ወንዝ ከዚህ የተሻለ ነገር ማሰብ ይከብዳል።

ቤዩ ግን ሌላ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 6.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ገደላማ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቀውም፤ ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን አይቷል። እዚህ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ በድንገት ይመጣል። ፊት ለፊቱ ዝቅ ያለ ፖንቱን በእንዲህ ያለ ሞገድ ውስጥ እየተደበደበ ነው የሚሄደው፤ የባለቤቴ ሐኪም ደግሞ «ከሚያንገጫግጭ ጉዞ ራቂ» ብላታለች።

ስለዚህ ዓይናችን ሆዱ በጥልቅ ቪ ቅርጽ የተሠራ ጀልባ ላይ ወደቀ። ሞገዱን እየሰነጠቀ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ ቆሞ ሲውል ግን ከጠፍጣፋው ይልቅ ወደ ጎንና ጎን ይንከባለላል። የምንፈልገው ከፊት ለፊቱ ትንሽ ካቢን ያለው ነበር፤ ሕፃኑ እዚያ ይተኛል፣ እናቱ እዚያ ታጠባለች፣ ትንሽ መጸዳጃ ይኖረዋል። ስለ ገንዘቡ ብዙ አልጽፍም። የግዢው ዋጋ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ የሜሪላንድ 5 በመቶ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ማቆሚያ፣ ለብርዱ ወራት ዝግጅት እያለ ይቀጥላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ለባለሙያ መርማሪ መክፈል እንዳይሰስት ብቻ እመክራለሁ፤ ወለሉ ሥር የበሰበሰ እንጨት በዓይን አይታይም።

ቦርሳዋ

በሐምሌ ወር አንድ ቀን አናፖሊስ አጠገብ ወዳለ አንድ የወንዝ ክንድ ሄድን። ሻጮቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። ጀልባዋ 23 ፊት፣ 7 ሜትር ገደማ ናት፤ ካቢን አላት፣ ንጽሕናዋ የሚደንቅ፣ ሞተሯም በደንብ የተያዘ። ሽማግሌው የጥገናውን መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጠውታል። አራታችንም ተሳፍረን ለሙከራ ወጣን። ወንዙን ጨርሰን ቤዩ ላይ ስንደርስ መሪውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ጀልባዋ የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ሞገዱ ላይ ወጥታ ስትወርድ ድምፅ የላትም። በልቤ ገዝቻት ነበር።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ዙሪያዋን ስታይ ቆየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አሁን አንተ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ይቺን ጀልባ ማን ይመልሳታል?»

«አልወድቅም» አልኳት።

«ብትወድቅ ነው ያልኩህ።»

«አንቺ ትመልሻታለሽ። አሳይሻለሁ፣ ከባድ አይደለም።»

«ልጁንስ የት አስቀምጬ?»

ሞተሩን ወደ ባዶ ማርሽ መለስኩት። ጀልባዋ መንከባለል ጀመረች። ባለቤቴ የእጅ ቦርሳዋን አንስታ ግራ ክንዷ ላይ ደገፍ አደረገችውና «ይሄ ልጁ ነው፤ አንተ ደግሞ እዚያ ነህ» ብላ ከኋላችን ያለውን ውሃ አመለከተችኝ። «በል ምን እንደማደርግ ንገረኝ።»

እኔ ከመሪው ተነስቼ እሷ ተቀመጠች። ወንበሩ የተተከለ ነው፣ ከፍና ዝቅ አይልም። ተቀምጣ ከፊት ለፊቷ ያለው መስታወት ጠርዝ ዓይኗ ላይ ያርፍባታል፤ ብትቆም ሆዷ መሪውን ይገፋዋል። ግራ እጇ ቦርሳውን ይዟል፤ በቀኝ እጇ የፍጥነት ማንሻውን ስትይዝ መሪው ባዶ ይቀራል፣ መሪውን ስትይዝ ማንሻው። ወደ ኋላ ዞራ እኔን ለመፈለግ ስትሞክር የሞተሩ ክዳንና ከላዩ ላይ ያለው መጋደሚያ ከጀልባዋ ጀርባ ያለውን ውሃ ይሸፍናታል።

«ሬዲዮውስ?» አለች። ሬዲዮው ካቢን ውስጥ ነው፤ ደረጃ መውረድ ይጠይቃል። እዚያ ከወረደች ደግሞ ውጭውን አታይም፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ሰው ከዓይኗ ታጣዋለች። መልህቁን ለመጣል በጎን በኩል ባለው ከአንድ መዳፍ ብዙ በማይሰፋ መተላለፊያ ላይ በሁለት እጅ ብረቱን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መወጣጫ መሰላሉ የሚዘረጋው ከላይ፣ ከጀልባዋ ውስጥ ቁልፉን ሲነቅሉት ነው፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ሊያወርደው አይችልም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የማጥፊያው ገመድ ነው። ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ከ26 ፊት በታች የሆነ ሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲነዳ ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ራሱ ላይ እንዲያስር የፌዴራል ሕግ ያዛል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባዋ ሰውየውን ጥላው አትሸሽም። ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ አስረዋለሁ። ባለቤቴ ገመዱን ከወገቤ እስከ መሪው በዓይኗ ተከተለችውና «ይሄ ካንተ ጋር ውሃ ውስጥ ከገባ እኔ ሞተሩን በምን አስነሳዋለሁ?» አለችኝ። መለዋወጫ አለ፤ ሽማግሌው እሱን ለማውጣት ካቢን ውስጥ የመሣቢያ ዕቃ ሁሉ ማራገፍ ነበረባቸው።

ይሄን ጊዜ እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት የሽማግሌው ባለቤት ተናገሩ። «ሦስት ልጆች ያሳደግነው እዚህች ጀልባ ላይ ነው» አሉ፤ «እኔ ግን አንድም ቀን ነድቻት አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄም አላውቅ።» ባለቤታቸው ወደ እሳቸው ዞረው አዩአቸው። ምንም አላሉም። ስንመለስ መሪውን የያዙት ሽማግሌው ናቸው።

ጀልባዋን አልገዛናትም። ጉድለት ስላለባት አይደለም፤ አንድ ሰው ነድቷት ሌላው ደግሞ እጁ ነፃ ሆኖ ለሚረዳበት ቤተሰብ እስከ ዛሬ ያየኋት ምርጥ ጀልባ ናት። እኛ ግን ልጃችን ከሚወለድበት ከኅዳር በኋላ እንደዚያ አንሆንም።

ሁለት ሰው አንድ ሲሆን

ወደ ቤት ስንነዳ ይህንን ሳሰላስል ነበር። እስካሁን ጀልባ ላይ ሁለት ነበርን፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ገመዱን ትወረውራለች፣ ወደ መቆሚያው ስንጠጋ በእጇ ትገፋለች፣ የሚመጣ ጀልባ ካለ ትነግረኛለች። ሕፃን ሲመጣ ሰው የሚጨመር ይመስላል፤ ሥራውን ለሚቆጥር ሰው ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አንዱ አዋቂ ሙሉ በሙሉ የሕፃኑ ይሆናል። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ከጠፋ ጀልባዋ ላይ ያለችው እናትና ሕፃን ብቻ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሃምሳ ሰው በሚገኝበት መንደር ነው ያደግነው፤ ልጅ ሲያለቅስ የሚያነሳው ጎረቤት አለ። ቤዩ መሐል ላይ ግን ጎረቤት የለም፤ ሎሚው ሁሉ አንድ ክንድ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የምናየውን ጀልባ ሁሉ በአንድ ነገር ፈተንነው፦ ከሁለታችን አንዱ፣ ሕፃን በአንድ ክንዱ ይዞ፣ ብቻውን ሊያቆማት፣ እርዳታ ሊጠራ፣ የወደቀውን ሰው ሊያወጣና ወደ ዳር ሊመልሳት ይችላል ወይ? ባለቤቴ ከባድ ዕቃ ማንሳት ስለሌለባት ፈተናውን እኔ ወሰድኩት። የእንጀራ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች የምንገዛውን የጤፍ ዱቄት ከረጢት በግራ ክንዴ ታቅፌ ነበር ጀልባ ላይ የምወጣው። ሻጮች ያዩኛል፤ ስነግራቸው ግን ሁሉም ገብቷቸዋል፤ አንዱማ ልጁን ጠርቶ እንዲያይ አደረገው።

በዚህ ፈተና ዝርዝራችን ተገለባበጠ። ካቢኑ ከላይኛው ተራ ወርዶ ታች ሄደ። ላይ የወጡት ማንም ሻጭ የማያነሳቸው ነገሮች ናቸው። ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ አለበት፤ እኔና እሷ በቁመት ስለምንለያይ። ከመሪው ላይ ሆኖ ዙሪያው ሁሉ መታየት አለበት። ሬዲዮው ከመሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ አሁን ያሉት ሬዲዮዎች ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አላቸው፣ ጀልባው መለያ ቁጥሩን አስመዝግቦ ከጂፒኤስ ጋር ከተገናኘ ያንን ተጭኖ መያዝ ብቻውን ጀልባው ያለበትን ቦታ ይልካል። ሕፃን የያዘች እናት የአደጋ ጥሪ በሚደረግበት ቻናል 16 ያለችበትን ቦታ በቃል ለማስረዳት ከምትታገል ይልቅ ይህ ቁልፍ ይሻላታል። የማጥፊያው ገመድ መለዋወጫ ከመሪው ሥር በዓይን የሚታይ ቦታ መንጠልጠል አለበት። መሰላሉ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ራሱ ጎትቶ የሚያወርደው ዓይነት መሆን አለበት።

ሞተሩንም በተመለከተ ሐሳባችን ተለወጠ። ውስጥ የተቀመጠ የቤንዚን ሞተር ከመነሳቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ የተጠራቀመ ትነት እንዲወጣ ማራገቢያውን ለአራት ደቂቃ ያህል ማስነሳት ይመከራል። በችኮላና በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ይህንን ደረጃ ሊዘለው ይችላል። ከኋላ የሚንጠለጠለው አውትቦርድ ሞተር ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሰው ከውሃ ሲወጣም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ፕሮፔለሩ ከእግር ይርቃል።

ያላሰብኩት ሌላ ነገር መጠኑ ነው። ለልጅ ብዬ ትልቅ ትልቁን ሳይ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ሕግ ከ20 ፊት በታች የሆነ አንድ ሆድ ብቻ ያለው ሞተር ጀልባ አምራቹ ተንሳፋፊ ነገር እንዲሞላበት ይገደዳል፤ አውትቦርድ የሚገጠምለት ከሆነ ደግሞ ውሃ ቢሞላ እንኳ ሳይገለበጥ ተስተካክሎ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከዚያ የሚበልጡት ላይ ይህ ግዴታ የለም፤ በራሳቸው ፈቃድ የሚያደርጉት አምራቾች አሉ፣ የማያደርጉም አሉ። ይህንን ሳነብ በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦዎቹ የደንገል ታንኳ ትዝ አለኝ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንኳ ውሃ ከሥሩ ይገባል፣ ቀዛፊው እግሩ ይረጥባል፤ ታንኳው ግን የሚንሳፈፈው በደንገሉ ነው እንጂ በጎኑ ከፍታ አይደለም፤ ውሃ ስለገባበት ብቻ አይሰምጥም። ከጉዞ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ የሚያስመቱትም ደንገሉ የጠጣውን ውሃ እንዲያደርቅ ነው። ባለጥበቦቹ ያወቁትን ነገር ሕጉ ለፋይበርግላስ ጀልባ ጽፎት አገኘሁት። ውሃ ቢሞላባት የማትሰምጥ፣ የወደቀ ሰው የሚይዛት፣ ከሩቅ የምትታይ ጀልባ ለሕፃን ከካቢን ትበልጣለች።

በመጨረሻ የገዛነው 19 ፊት የሆነች ዱዋል ኮንሶል ነው። መሪው በአንድ በኩል፣ ትይዩው ሌላ መቀመጫ፣ በመሐላቸው ወደ ፊት የሚያሳልፍ በር፤ ጎኗ ለአዋቂ ሰው ከጉልበት በላይ የሚደርስ፣ ከላይ ጨርቅ ጥላ ያላት። መጸዳጃ የላትም። ይህ ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባ እናትም ከባድ ጉድለት መሆኑን አልክድም፤ መፍትሔያችን አጭር አጭር ጉዞ ነው። ከመቆሚያው ወደ ጀልባዋ ስትገባ ባለቤቴ እጅ ሳትፈልግ ወርዳለች፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠነው በዚያ ነው። በስምንተኛ ወሯ ሚዛኗ የተለወጠ ሴት ያለ ድጋፍ የምትገባበት ጀልባ ላይ ሕፃን የታቀፈ ሰውም ይገባበታል።

ስምንት ኪሎ

ስለ ሕፃኑ ራሱ የምንከተለው ጥብቅ ነው። የጀልባ ደኅንነት አስተማሪዎች የሚሰጡት የተለመደ ምክር ሕፃኑ 8 ኪሎ፣ ማለትም 18 ፓውንድ ገደማ እስኪሆንና የሕይወት አድን ጃኬቱ በትክክል እስኪይዘው ድረስ እንዳይሳፈር ነው። ከዚያ በታች ያለ ሕፃን አንገቱን በውሃ ውስጥ መሸከም አይችልም፤ ጃኬቱም ይሾልክበታል። በዚህ ምክንያት ልጃችን በሚቀጥለው ሳመር መጀመሪያ ላይ ምናልባት አይሳፈርም። እንጠብቃለን።

የሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ21 ፊት በታች በሆነ ጀልባ ላይ እየተጓዘ ጃኬት እንዲለብስ ያዛል። ከ4 ዓመት በታች ላለው ደግሞ ጃኬቱ ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ቀበቶ፣ ጭንቅላቱን የሚደግፍ አንገትጌ፣ ከላይ ይዞ ለመጎተት የሚሆን እጀታ። ከ30 ፓውንድ በታች ላሉት ሕፃናት የሚሠራውን እየመረጥን ነው። የገዛነውን ጃኬት ጀልባ ላይ ከማዋላችን በፊት መዋኛ ገንዳ ውስጥ እናለማምደዋለን፤ ሕፃን ሳይለምደው ጃኬት ቢያለብሱት ማልቀሱ አይቀርም፣ የሚያለቅስ ሕፃን የያዘ ወላጅም ማውለቅ ይፈትነዋል።

የመኪና ወንበር ይዘው ጀልባ ላይ የሚወጡ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ሕፃን ወንበሩ ላይ ታስሮ ውሃ ውስጥ ከገባ ወንበሩ አብሮት ይሰምጣል ወይም ፊቱን ወደ ታች ይገለብጠዋል። ታቅፎ መያዝ ያደክማል፤ የምንወጣበትን ጊዜ የሚወስነውም ይህ ድካም መሆን አለበት።

ሌላው የማይታየው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጀልባ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ወይም ነፋስ ከኋላ እየገፋ በዝግታ ሲሄድ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ጨርቁ ከተዘጋ ደግሞ ይጠራቀማል። ማኅፀን ውስጥ ላለ ጽንስና ለሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ይከፋል። ስለዚህ ባለቤቴ ተሳፍራ ሳለ ሞተሩ እየሠራ ቆመን አንቆይም፤ ጨርቁንም ከጎን አንዘጋውም። ፀሐዩም እንዲሁ ነው፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጥላ ውስጥ እንዲሆን የሕፃናት ሐኪሞች ይመክራሉ፣ ከውሃው የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ከጥላው ሥር ገብቶ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ሰው

ባለቤቴ በሳመሩ ውስጥ ሁለት ነገር ተማረች። አንዱ ዋና ነው፤ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ውሃ ውስጥ መሆኑ ወገቧን ስላቀለላት ደስ እያላት ተማረችው። ሁለተኛው የጀልባ ኮርሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት ሰርተፊኬቱ ያስፈልገዋል፤ «ለክፉ ቀን» ተብሎ በቤተሰብ ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚተው ነገር መሆን የለበትም። መስከረም ላይ ጀልባዋ ስትመጣ መጀመሪያ የነዳቻት እሷ ናት። ወንዙ ላይ ተንሳፋፊ ትራስ እየወረወርኩላት፣ ክብ ዞራ በነፋሱ ፊት ለፊት ቀስ ብላ እየቀረበች፣ አጠገቡ ስትደርስ ሞተሩን ባዶ ማርሽ ላይ እያደረገች ታነሳዋለች። ጀልባን ከመቆሚያው ማስጠጋት ላይ ከእኔ ትሻላለች፤ ትዕግሥት አላት።

እናቴ ለአራስ ጥየቃው ከባሕር ዳር ትመጣለች። ስለ ጀልባዋ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ አደመጠችኝና «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለችኝ። ክርስትና ሳይነሳ እንደማናሳፍረው፣ ከዚያም በኋላ ኪሎው እስኪሞላ እንደምንጠብቅ ነገርኳት። ጃኬቱን፣ ሬዲዮውን፣ ቀይ ቁልፉን ሁሉ ዘረዘርኩላት። እሷ ግን በአንድ ነገር ላይ ቆመች።

«አንዱ ይነዳል» አለች። «አንዱ ልጅ ይይዛል። ውሃውን ማን ያያል?»

«የሚነዳው ያያል፣ እማዬ።»

«የሚነዳው ፊቱን ነው የሚያየው። ኋላውንና ጎኑንስ? ሦስት ሁኑ።»

በዚህ ጉዳይ እኔና ባለቤቴ ለሳምንታት ተከራከርን። እኔ የምለው፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ከዳር ሳንርቅ፣ ወንዙ ውስጥ ሁለታችን ልጁን ይዘን ብንወጣ በቂ ነው የሚል ነው፤ ለዚህ ብለን አይደል ጀልባዋን አንድ ሰው እንዲችላት አድርገን የመረጥናት? እሷ የምትለው፣ አንድ ሰው መቻሉ ለክፉ አጋጣሚ ነው እንጂ ለዕለት ዕቅድ አይደለም የሚል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊመልሳት መቻሉን አረጋግጠን ስናበቃ አንድ ሰው ብቻውን እንዲሆን ማቀድ የለብንም ትላለች። እናቴ ከሷ ወገን ናት።

እንደማስበው የእሷ ክርክር ይበልጣል። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ልጁ እስኪራመድ ድረስ ሦስተኛ አዋቂ ሳይኖር ሕፃኑን ይዘን አንወጣም፤ ሦስት ሆነንም ቢሆን ከወንዙ አፍ አልፈን ቤዩ ላይ የምንወጣው የነፋሱ ትንበያ ዝቅ ያለ ሲሆንና ከቀትር በፊት የምንመለስ ከሆነ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዋና አይችልም ነበር፤ አሁን ባለቤቴ በተማረችበት ገንዳ ተመዝግቧል፤ ከዋናው በኋላ ኮርሱን ይወስዳል። ጀልባዋ ደግሞ ሞተሯ ለብርዱ ወራት ተዘጋጅቶ፣ ተሸፍና ተጎታቿ ላይ ናት። እስከ ሚያዝያ የሬዲዮውን መለያ ቁጥር በባለቤቴም ስልክ ቁጥር አስመዝግቤ መጨረስ አለብኝ።